የደልፍት ማቶኔላና የወሎ ሸክላ

የሆላንድን የሸክላ ፋብሪካ ከወሎ ሸክላ ሥራ ጋር ለሚያነጻጽር ሰው ልዩነቱን ሁሉ በመሣሪያ ማመካኘት ይቀለዋል። ታሪኩ ግን ሌላ ይናገራል። በደልፍት ከተማ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1653 ዓ.ም. «ደ ፖርሰሌይነ ፍሌስ» ተመሠረተ። በዚያ ዘመን ከ30 የሚበልጡት የከተማይቱ ሥራ ቤቶች የእንግሊዝ ዕቃ ገበያውን በያዘ ጊዜ አንድ በአንድ ተዘጉ፤ በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ የቀረው ይህ ብቻ ነበር። በ1876 ዮስት ቶፍት ገዝቶት በእጅ የሚሣለውን ሰማያዊ ጌጥ ወደ ሳሕኑና ወደ ግድግዳው ማቶኔላ መለሰ፤ ሸክላውን ግን እንግሊዞች እንደሚሠሩት ጠንካራና ነጭ አደረገው። ከ1879 ጀምሮም በዕቃው ላይ ከሠዓሊው ምልክት ጋር የዓመቱ ፊደል ይጻፍ ጀመር።

በደሴና በኮምቦልቻ ገበያ የሚሸጠውን ምጣድና ጀበና ያለ መንኰራኩር በእጃቸው የሚያበጁት ሴቶች ስማቸው አይጻፍም። እንዲያውም ሸክላ ሠሪ «ቡዳ» እየተባለ ሲሰደብ ኖሯል፤ ያውም በዚያው ጀበና ቡና በሚጠጣ ሰው አፍ! የወሎ ሸክላ ያላደገበትን ምክንያት በመንኰራኩር ማጣት ብቻ የሚያስረዳ ጥናት እንግዲህ ከግማሽ መንገድ ይቀራል። ሴት ልጅ ስድቡን ፈርታ የእናቷን ሙያ ከሸሸች፥ መንኰራኩሩ ቢመጣም የሚረከበው አይኖርም።