አራቱ መስተዋድዶችና የሰሌዳው ዝርዝር፦ እንግሊዝኛ በጅግጅጋ

የእንግሊዝኛ መምህራን በተገናኙበት ሁሉ፣ ጅግጅጋም ይሁን ቀብሪበያህ ወይም ቶጎ ውጫሌ፣ ተማሪው ግሱን እንጂ መስተዋድዱን አያውቅም የሚል ወቀሳ አይጠፋም። ለዚህ የሚታዘዘው መድኃኒትም ያው የተለመደው ነው፤ ሰሌዳውን ከላይ እስከ ታች የሚሞላ ዝርዝር። ጊቭ አፕ፣ ተወ፤ ፑት ኦፍ፣ አዘገየ፤ ሉክ አፍተር፣ ተንከባከበ። ተማሪው ይገለብጣል፣ ይሸመድዳል፣ ከፈተናው ማግስት ይረሳል። ይህ አሠራር ጠንካራ መሠረት ያስይዛል እየተባለ ሲወደስ ኖሯል። እኔ ውዳሴው አለቅጥ በዝቷል ባይ ነኝ። ሶማሊኛ አፉን የፈታ ልጅ ግስን ከመስተዋድድ የማጣመርን ሥራ ትምህርት ቤት ሳይገባ ጨርሶታል፤ ዝርዝሩ ግን ምንም እንደማያውቅ ቆጥሮ ከሀ ይጀምርለታል።

እንግሊዝኛው መከራ እንደሚያሳይ አልክድም። ሳሙኤል ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1755 ባሳተመው መዝገበ ቃላት መቅድም ላይ፣ ከግስ ኋላ የሚቀጠሉት ትንንሽ ቃላት ለባዕድ ተማሪ ትልቁ ችግር እንደሆኑ ገልጾ ነበር። ለእነዚህ የግስና የትንሽ ቃል ጥምረቶች ሐረጋዊ ግስ የሚለውን ስያሜ ያስተዋወቀው ደግሞ የሎጋን ፒርሳል ስሚዝ የ1925 መጽሐፍ ነው። ስም ከወጣላቸው ወዲህ ራሳቸውን የቻሉ የትምህርት ርእስ ሆኑ፤ የማስተማሪያ መጻሕፍትም እንደ ስልክ ማውጫ በፊደል ተራ ደረደሯቸው። በዚህ ድርደራ የሚጠፋው ትንሿ ቃል የራሷ ትርጉም ያላት መሆኑ ነው። ቴክ ኦፍ፣ ከት ኦፍ፣ ተርን ኦፍ በተለያየ ገጽ ሲበተኑ፣ ኦፍ በሦስቱም ውስጥ አንድን ነገር ከነበረበት እንደሚነጥል ማን ያስተውላል?

ሶማሊኛ አራት መስተዋድዶች ብቻ ይበቁታል፤ ኡ፣ ኩ፣ ካ፣ ላ። በጥቅሉ ኡ «ለ» እና «ወደ»፣ ኩ «በ» እና «ላይ»፣ ካ «ከ» እና «ስለ»፣ ላ ደግሞ «ጋር» ነው። ታግ ማለት ሂድ ነው፤ ኡ ታግ ወደ እሱ ሂድ፣ ካ ታግ ትተኸው ሂድ፣ ላ ታግ ይዘኸው ሂድ ይሆናል። ሄል አግኝ ነው፤ ካ ሄል ግን መውደድ ነው። ይህ ከጊቭ አፕ በምን ያንሳል? ግሱን ብቻ የሚያውቅ ሰው ከሁለቱም ፊት እኩል ግራ ይጋባል። በጅግጅጋ መንገድ ላይ በየደቂቃው የሚሰማው ሰላምታ፣ ኢስካ ዋራን፣ ራስን የሚያመለክተው ኢስ፣ መስተዋድዱ ካ እና ወሬ የመንገር ግስ ተጋጥመው የተሠራ ነው፤ ስለ ራስህ አውራኝ እንደ ማለት።

የእነዚህ አራት ቃላት ዋና ጠባይ ግን ከስም አጠገብ አለመቀመጣቸው ነው። ስሙ የትም ይሁን የት፣ እነሱ ግሱ በር ላይ ይሰበሰባሉ፤ ሁለት ሦስት ሆነው ሲመጡም ተራቸውን ጠብቀው ይጣበቃሉ። የውጫሌ፣ በሶማሊኛ የዋጃሌ፣ ነጋዴ ዕቃውን ሌላ ሰው ከዚያ እንዳነሳለት ሲናገር «አላብቲ ዋጃሌ ቡ ኢኢጋ ቃዳይ» ይላል። ኢኢጋ ውስጥ «እኔ»፣ «ለ» እና «ከ» ሦስቱም አሉ። የመጀመሪያዋን አናባቢ አሳጥሮ ኢጋ ካለ ግን «ለ» ወጥታ «እኔ» እና «ከ» ብቻ ይቀራሉ፤ ዕቃው ተወሰደብኝ ማለቱ ነው። አንዲት አናባቢ መርዘሟና ማጠሯ ወዳጅን ከቀማኛ ይለያል። አማርኛ ይህንኑ ልዩነት «አነሳልኝ» እና «ወሰደብኝ» ብሎ በግሱ ጭራ ላይ ያኖረዋል፤ እንግሊዝኛ ፎር ሚ እና ፍሮም ሚ ብሎ ከግሱ ኋላ ይበትነዋል። ፊደላችን የአናባቢን ርዝመት ስለማይለይ እኔ ኢን ደግሜ ለመጻፍ ተገድጃለሁ፤ እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ ሶማሊኛ የሚጻፍበት የላቲን ፊደል ይህ ችግር የለበትም።

ከሁሉ አብልጬ የምወደው ምሳሌ የሞት ነው። ግመሉ የሞተችበት ሰው «ሃሺ ዋይ ኢጋ ዺማተይ» ይላል፤ ቃል በቃል «ግመሊቱ ከእኔ ሞተች»። አማርኛ «ሞተችብኝ» ይላል፣ በ«በ»። እንግሊዝኛም በዕለት ተዕለት ንግግሩ ሺ ዳይድ ኦን ሚ ይላል፤ ኦን እዚህ ቦታ ላይ መሆንን አያመለክትም፣ ጉዳቱ ማን ላይ እንደ ወደቀ እንጂ። ሦስቱም ቋንቋዎች ለአንድ ሐዘን መስተዋድድ ጠርተዋል፤ ሁለቱ ጉዳቱ በሰውየው ላይ ሲጫን አይተውታል፣ ሶማሊኛ ሀብቱ ከሰውየው ሲለይ አይቶታል። በእኔ ጆሮ የሶማሊኛው ይበልጣል። በዚህ አንድ ምሳሌ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ማስተማር ይቻላል፤ በየትኛውም የሰሌዳ ዝርዝር ላይ ግን አላየሁትም። ዳይ ኦን ለዝርዝር አድራጊዎች የማይረባ ሆኖ ሳይሆን አይቀርም፤ ከግመል ጋር ያደገ ልጅ ግን ማብራሪያ ሳይጠይቅ የሚገባው እሱ ነው።

አቅጣጫ ጠቋሚዎቹ ሶ እና ሲ ደግሞ አሉ። ሶ ወደ ተናጋሪው፣ ሲ ከተናጋሪው ወዲያ። በየሱቁና በየሆቴሉ ደጃፍ የተጻፈው ሶ ዻወው ያችው ሶ ያለችበት «ቅረብ» ነው። ዋድ መንዳት ነው፤ ሲ ዋድ ግን «ቀጥል» ይሆናል፤ እየነዱ ወዲያ መሄድ ወደ ሥራ መቀጠል ተሸጋግሯል። እንግሊዝኛ መሸከምን ከኦን ጋር አጋጥሞ ካሪ ኦን ሲል የሄደበት መንገድ ይኸው ነው። ኦን የሚቀጥል ነገርን እንደሚያሳይ፣ ጎ ኦን እና ኪፕ ኦንም ከዚሁ እንደሚመጡ ለማስረዳት ከሲ ዋድ የተሻለ መነሻ ያለ አይመስለኝም።

ይህ አዲስ ግኝት አይደለም። ኪርክ እ.ኤ.አ. በ1905፣ ቤል በ1953 ያሳተሟቸው የሶማሊኛ ሰዋስዎች እንግሊዛውያን ቋንቋውን እንዲማሩባቸው የተዘጋጁ ናቸው፤ ጆን ሳኢድ እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተመው መጽሐፍ የአራቱ ቃላት ቅደም ተከተል ተተንትኖ ይገኛል። እንግዲህ እንግሊዝኛ ተናጋሪው ወደ ሶማሊኛ የሚሻገርበት ድልድይ ከመቶ ዓመት በፊት መሠራት ጀምሯል። በተቃራኒው አቅጣጫ የሚሻገረው የጅግጅጋ ልጅ ግን ይዋኝ ተብሏል። የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አንደኛ ደረጃን በአፍ መፍቻ ቋንቋ፣ ሁለተኛ ደረጃን በእንግሊዝኛ አደረገ፤ በሁለቱ መካከል ሰዋስውን ከሰዋስው የሚያገናኝ ገጽ አላስገባንም። ከገበያ የሚገዙት አጋዥ መጻሕፍት ብዙዎቹ ፍቺያቸው በአማርኛ ነው፤ ልጁ እንግሊዝኛ ለማወቅ በሦስተኛ ቋንቋ በኩል ይዞራል። ይህን ስንፍና ብዬ ብጠራው አላጋነንኩም፤ ስንፍናውም የተማሪው አይደለም።

ሶማሊኛ ሁሉን ይፈታል ለማለት አልደፍርም። ባቅ የሚለው ግስ «ፍራ» ነው፤ የሚፈራውን ነገር በካ ያስከትላል። ስለዚህ ተማሪው በአፍሬይድ ኦቭ ፈንታ አፍሬይድ ፍሮም ቢል ከራሱ ሰዋስው በትክክል ተርጉሟል ማለት ነው። ማነጻጸርም በካ ነው፤ አማርኛም «ጅግጅጋ ከአውበሬ ትበልጣለች» ስለሚል ቢገር ፍሮም የሁለታችንም ስሕተት ነው። ቀይ እስክሪብቶ ሁለቱን ከግድየለሽነት ስሕተት ጋር አንድ ላይ ይሰርዛቸዋል። የስሕተቱን ምንጭ የሚያውቅ መምህር ግን ካ የሸፈነውን ሰፊ ቦታ ኦቭ፣ ፍሮም፣ አባውት እና ዛን እንዴት እንደተከፋፈሉት በአንድ ሥዕል ሊያሳይ ይችላል።

ሶማሊኛ ጨርሶ የማይረዳበት ቦታ የሦስተኛ መደብ ተሳቢ ነው። ሶማሊኛ ለ«እሱን»፣ ለ«እሷን» እና ለ«እነሱን» በግሱ ዙሪያ የሚያስቀምጠው ቃል የለውም፤ ዋን ካ ሄላይ ማለት «ወደድኩት» ነው፣ የ«ት» ምልክት ግን የለም። መብራቱን አጥፍተኸዋል ወይ ተብሎ የተጠየቀ ተማሪ አይ ተርንድ ኦፍ ብሎ ቢያቆም መነሻው እዚህ ነው። እንግሊዝኛ ኢት እንድትኖር ብቻ ሳይሆን በተርን እና በኦፍ መካከል እንድትገባ ያስገድዳል፤ ስም ቢሆን ከኦፍ በፊትም በኋላም ይቀመጥ ነበር። አማርኛ ተናጋሪው መምህር «አጠፋሁት» ሲል ያቺን «ት» ሳያስብ ስለሚጨምራት፣ ተማሪው ምን እንደ ጎደለው ቶሎ አይታየውም። ለዚህ ልምምድ ያስፈልጋል፤ ብዙ ልምምድ። ዝርዝሩ ደግሞ ግሶቹን ያለ ተሳቢ ባዶ አድርጎ ስለሚደረድራቸው፣ ኢት የምትገባበትን ክፍተት አንድም ጊዜ አያሳይም።