ጽዋው ሲወራ፣ ወፍጮው ሲረሳ

መካነ ሰላም ገብተው ስለ ጋስጫ ቢጠይቁ የአባ ጊዮርጊስን ድርሰቶች የሚቆጥርልዎ አያጡም፤ ሰዓታቱን፣ አርጋኖኑን፣ መጽሐፈ ምሥጢሩን። ቦረና በሊቁ ቢኮራ ያምርበታል።

እኔን ግን ገድሉ ውስጥ የሚይዘኝ ሌላ ቦታ ነው። ልጁ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገብቶ ትምህርት እምቢ አለው። ጓደኞቹ ሲቀጽሉ እሱ ለማኅበሩ እህል ይፈጫል። በደጋው ባህል መጅ የሴት ሥራ ነው፤ ወንድ ልጅ ወፍጮ ላይ ሲያጎነብስ ምን እንደሚባል አንባቢ ያውቀዋል። በኋላ እመቤታችን ጽዋ አጠጣችውና ምሥጢር ተገለጠለት ይላል ገድሉ።

ሰባኪዎቻችን ታዲያ ወደ ጽዋው ይጣደፋሉ። ወፍጮው የመከራ ዘመን ተብሎ ይታለፋል። ኧረ ቆም እንበል! የማይችለውን አውቆ የሚችለውን ሠራ፤ ዱቄቱን የበሉት ደግሞ የበለጡት ናቸው። ራስን ስለማወቅና ስለ ፍቅር ከዚህ የቀለለ ስብከት አላነበብኩም። በ15ኛው ክፍለ ዘመን የጻፈው መጽሐፈ ምሥጢር እኮ የክርክር መጽሐፍ ነው፤ ፍቅር ፈልጎ የገለጠው ሰው የሚያገኘው ብርቱ ተሟጋች ነው።

ገድሉንም አንድ ነገር እታዘበዋለሁ። ጊዮርጊስ ሊቅ ባይሆን ወፍጮውን ማን ይጽፍለት ነበር? ጽዋ ያልደረሳቸው ፈጪዎች ስም የላቸውም።

ግን እኔ ማን ሆኜ ነው የምወቅሰው? ስንት ዓመት ሳስተምር ዓይኔ ፊት ወንበር ላይ ነበር። ከኋላ የሚቀመጥ አንድ ዝምተኛ ልጅ ለቀሩ ጓደኞቹ ሁሉ ማስታወሻ ይገለብጥ ነበር። «ዲ» ሰጠሁት። ስሙ ጠፍቶኛል።