መጠኑና ቆይታው

አዲስ የመጣ ረዳት መምህር፣ «ተማሪዎቹ ሶኒክ ሄጅሆግ የተባለው ምልክት ሰጪ ሞለኪውል ከሆድ በኩል፣ ቢኤምፒ የተባለው ከጀርባ በኩል ብለው ከያዙ አይበቃም ወይ? አኒሜሽኑን አሳይተናቸው እንለፍ» አለኝ። አይበቃም! የፅንስ ጥናት የስም ሽምደዳ ከሆነ ደብረ ታቦር ድረስ መምህር ማምጣት ለምን አስፈለገ?

በኅብለ ሰረሰር አፈጣጠር የሚደንቀኝ አንዱ ሞለኪውል የተለያየ ዓይነት ነርቭ ማስወጣቱ ነው። ሶኒክ ሄጅሆግ ከሥር ከተጋደመው ዘንግ፣ ከኖቶኮርድ ተነሥቶ ወደ ላይ እየሳሳ እንደሚሄድ ማንም ያውቃል፤ የሚዘለለው ቆይታው ነው። ከሥር አጠገብ ያለ ሴል በመጀመሪያ ኦሊግ2 የተባለውን ጂን ያበራና ጡንቻ አዛዥ ነርቭ ወደ መሆን ያዘነብላል። ምልክቱ በርትቶ ከቆየበት ግን ኤንኬኤክስ2.2 የተባለውን ሌላ ጂን አብርቶ ኦሊግ2ን ያጠፋል፤ መንገዱንም ይቀይራል። አኒሜሽኑ የሚያሳየው ያለቀለትን ባለቀለም መደዳ ነው፤ ሴሉ ሲያመነታ የት ይታያል?

ስለዚህ እንቁላል እላለሁ፤ የሐበሻ ዶሮ እንቁላል። ከሱቅ የፈረንጅ ዶሮ እንቁላል ገዝቶ ማሞቂያ ውስጥ የሚከት ሰው አይቻለሁ። አውራ ያላየች ዶሮ ምን ፅንስ አላት? ከዙሪያችን ከፋርጣ ገጠር የሚመጣው ግን አውራው አብሮ ስለሚውል ፍሬ ይይዛል። የከተማችን ብርድ ይታወቃል፤ መብራት ከጠፋ ማሞቂያው ዋጋ የለውም። ስለዚህ የጎረቤት ዶሮ ስትታቀፍ ጠብቀን ከሥሯ እናስገባለን። እሷ ላይ መብራት አይጠፋም። በሁለተኛው ቀን ቅርፊቱን ስንከፍት ልቡ ይመታል፤ ኋላ ኅብለ ሰረሰር የሚሆነው የነርቭ ቱቦ ከራስ በኩል ተዘግቶ ከጅራት በኩል ገና ነው። አንድ ፅንስ ላይ ትናንትና ዛሬ ጎን ለጎን ይታያሉ። በፈረንጆቹ 1990ዎቹ መጀመሪያ ተመራማሪዎች ተጨማሪ ኖቶኮርድ ከጫጩት ፅንስ ቱቦ ጎን ሲተክሉ፣ ያለ ቦታው ጡንቻ አዛዥ ነርቭ የበቀለውም በእንዲህ ያለ እንቁላል ላይ ነው።

ከዚህ ትምህርት ጋር ያቆራኘኝ ግን ጀርባው ክፍት የሆነ ልጅ የወለደች እናት ናት። «ምን በድዬ ነው?» አለችኝ። የቱቦው መዘጋትና የሴሎቹ መለያየት ሁለት ጉዳይ ናቸው፤ ይህን ማምታታት አልወድም። የእሷ ጥያቄ የመዘጋቱ ነበር። ቱቦው ልጁ ከተፀነሰ በ28ኛው ቀን ገደማ ተዘግቶ ያልቃል፤ ያኔ ብዙ ሴት ማርገዟን እንኳ አታውቅም። ምንም አልበደልሽም አልኳት።

በ1991 እንደ ፈረንጆቹ በታተመ የእንግሊዞች ጥናት፣ ቀድሞ እንዲህ ያለ ልጅ ለገጠማቸው እናቶች ከእርግዝና በፊት ጀምሮ የተሰጠ ፎሊክ አሲድ አደጋው ዳግም የመምጣቱን ዕድል በ72 በመቶ ቀንሷል። እኛ ዘንድ ግን ኪኒኑ የሚታደለው እናቲቱ ለእርግዝና ክትትል ስትመጣ ነው፤ ከሁለትና ከሦስት ወር በኋላ፣ ቱቦው ከተዘጋ ወይም ሳይዘጋ ከቀረ በኋላ። የስንዴ ዱቄት በፎሊክ አሲድ እንዲበለጽግ በ2014 ዓ.ም. መወሰኑ ደግ ነው፤ ጤፉንና ገብሱን ራሱ አስፈጭቶ የሚበላ የጉና ተራራ ሥር ገበሬ ጋ ግን በምን ይደርሳል? እኔ ብሆን ኪኒኑን በጥር ሠርግ ሰሞን ለሙሽሮች ነበር የማድለው።