የ«ጀላለይን» አጭርነትና የወሎ ደርስ

የአገራችን የተፍሲር ትምህርት «ተፍሲር አል-ጀላለይን»ን ከማስቀራት አያልፍም፣ ስለዚህም የራሱ የሆነ መንገድ የለውም የሚል ፍርድ ደጋግመን ሰምተናል። ፍርዱ መደርደሪያ ላይ ያሉትን ኪታቦች በመቁጠር ብቻ የተሰጠ ይመስለናል። ኪታቡ የግብጽ ዑለማእ ሥራ መሆኑ እውነት ነው። በ864 ዓመተ ሂጅራ የሞቱት ጀላሉዲን አል-መሐሊ ከሱረቱል ከህፍ እስከ መጨረሻው፣ ሱረቱል ፋቲሓንም ጨምረው ጻፉ፤ በ911 የሞቱት ጀላሉዲን አስ-ሱዩጢ ደግሞ ከሱረቱል በቀራህ እስከ ሱረቱል ኢስራእ ያለውን ሞሉት። ነገር ግን በወሎ ፊቅህንና ነሕውን ቀርቶ ለተፍሲር የሚቀመጠው ደረሳ የሚሰማው ኪታቡን ብቻ አይደለም። ሸይኹ ዐረብኛውን እየቆራረጡ በአማርኛ ይፈቱለታል፤ ትምህርቱም በአብዛኛው ያለው በዚያ መፍታት ውስጥ ነው።

አንድ ቦታ እንመልከት። በሱረቱል በቀራህ 228ኛው አንቀጽ የተፈቱ ሴቶች ሦስት «ቁሩእ» እንዲጠብቁ ታዘዋል። ሱዩጢ እዚህ ላይ ቃሉ ጡህር ወይም ሐይድ መሆኑን ጠቅሰው «ቀውላን»፣ ሁለት አባባሎች አሉ፣ ብለው ያልፋሉ። ራሳቸው ሻፊዒይ ሳሉ እንኳ የመዝሀባቸውን አባባል አልመረጡም። ሐነፊና ሻፊዒ ጎረቤት ሆነው በሚኖሩበት በወሎ ግን ሸይኹ በዚህች ቃል ላይ ቆም ማለት ግድ ይሆንባቸዋል። በጡህር ላይ ሳለች፣ ሊመለስ በሚችል ፍቺ የተፈታችን ሴት እናስብ። ቁርእ ጡህር ከሆነ የተፈታችበት ጡህር እንደ አንድ ይቆጠርና ሦስተኛው ሐይድ ሲጀምር ዒዳዋ ያበቃል። ሐይድ ከሆነ ግን ሦስተኛው ሐይድ እስኪፈጸም ትጠብቃለች። ባልየው በነዚያ መካከል ባሉት ጥቂት ቀናት «መልሼሻለሁ» ቢላት በሐነፊዎች ዘንድ ሚስቱ ናት፤ በሻፊዒዎች ዘንድ ያለ አዲስ ኒካሕ አትመለስለትም። ፊቱ የተቀመጠው ደረሳ ነገ ባልና ሚስት ሊያስታርቅ የሚጠራ ነውና፣ «ቀውላን» የምትለው ቃል ሳትፈታ ብትታለፍ ጉዳቱ የሚደርሰው በአንዲት ሴት ላይ ነው።

በ1961 ዓ.ም. የታተመው የአማርኛ ቁርኣን ትርጉም ለሕዝበ ሙስሊሙ ታላቅ በር ከፍቷል። ሆኖም ማንኛውም ተርጓሚ በዚህ ቦታ ሲደርስ ጡህርን ይመርጣል፣ ሐይድን ይመርጣል፣ ወይም ዐረብኛውን ቃል እንዳለ ይተዋል። ይህ የትርጉም ጠባይ ነው፤ ተርጓሚን ልንወቅስበት አንሻም። ደርሱ ግን ሁለቱንም አባባል ከነውጤታቸው ይዞ ይጓዛል።

የቃል ማብራሪያውን በጭፍን ማወደስም አይገባም። በሱረቱ ሷድ፣ ሁለቱ ተሟጋቾች ወደ ዳውድ ዐለይሂ ሰላም በገቡበት ቦታ፣ መሐሊ ስለ ዘጠና ዘጠኝ ሚስቶችና ስለ አንድ ሰው ብቸኛ ሚስት የሚወራውን ታሪክ ያስገባሉ። ብዙ ዑለማእ ለነቢይ ክብር የማይመጥን ኢስራኢሊያት ነው ብለው ነቅፈውታል። እዚህ ላይ ሸይኹ ዝም ካሉ፣ ደረሳው ታሪኩን ከአንቀጹ ትርጉም ጋር አንድ አድርጎ ይዞት ይሄዳል (ዝምታም ማብራሪያ ሆኖ የሚቆጠርበት ጊዜ አለና)።

ስለዚህ የወሎን ተፍሲር የሚያጠና ሰው «የትኛው ኪታብ ይቀራል?» ብሎ መጠየቁ አይበቃውም። በ228ኛው አንቀጽ ላይ ምን ተባለ? በሱረቱ ሷድስ? የተናገሩት ሸይኽ መዝሀብ የትኛው ነበር? የደረሳ የህዳግ ጽሑፍ ሲገኝም፣ በዐረብኛ ይሁን በዐጀም፣ ከየትኛው ሸይኽ ደርስ እንደተጻፈ አብሮ ሊመዘገብ ይገባል።