«እይታ»፣ «ባዶ»፣ «ደቂቃ»፦ በአንድ የጠመንጃ መመሪያ ትርጉም ላይ የቀረበ ሂስ

የሙያ ቃል ጥራት ብዙውን ጊዜ የሚመዘነው በጠረጴዛ ዙሪያ ነው። ቃሉ ከግእዝ ሥር ወጣ ወይስ አልወጣ፣ ለጆሮ ተስማማ ወይስ ጎረበጠ እየተባለ ክርክር ይነሣበታል። ቃሉን ይዞ ሥራ የሚሠራው ሰው ሚዛን ግን ሌላ ነው፤ ቃሉ ያዘዘውን ሲፈጽም የታሰበው ነገር ይሆናል ወይስ አይሆንም? ይህን ሁለተኛውን ሚዛን የሚያስታውስ ጽሑፍ በቅርቡ እጃችን ስለ ገባ፣ አስተያየታችንን ለአንባቢያን ማቅረብ ተገቢ መስሎ ታይቶናል።

ጽሑፉ በቦሌ አካባቢ ከሚገኝ አንድ የትርጉም ቢሮ የወጣ፣ ዐራት ገጽ ያለው መመሪያ ነው። የተዘጋጀው በሰሜን አሜሪካ ለሚኖሩና አማርኛ ማንበብ ለሚቀላቸው አዳኞች ሲሆን፣ ከሌላ ፋብሪካ የተገዛ ማነጣጠሪያ በቤት ውስጥ እንዴት እንደሚገጠም ያስረዳል። ጠመንጃው ከምላጩ ሥር ያለው እጀታ ዝቅ ከፍ ሲል የተተኮሰውን ቀለህ አስወጥቶ አዲስ ጥይት የሚያጎርስ ዐይነት ነው። በአገራችን የጦር መሣሪያ መያዝ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት በፈቃድ የሚመራ ስለ ሆነ፣ የእኛ ጉዳይ ቋንቋው ብቻ መሆኑን ከወዲሁ እንገልጻለን።

ጽሑፉን ብቻችንን አላነበብነውም። ገርጂ የሚኖሩ፣ ከጦር ሠራዊት በጡረታ የተገለሉ ጎረቤታችንን ጋብዘን አንቀጽ በአንቀጽ አነበብንላቸው። ከዚህ በታች የምናቀርበው ሂስ ገሚሱ የእሳቸው ነው ማለት ይቻላል።

1. የጦር መሣሪያ ቃላት በአማርኛ

አማርኛ በዚህ መስክ ድኻ አይደለም። ስሞችን ከውጭ ሲቀበል እንደ አፉ አድርጎ ነው። «ባሩድ» እና «ነፍጥ» ከዐረብኛ መጡ። እ.ኤ.አ. በ1868 የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ሲዘምት ይዞት የመጣው ስናይደር «ሰናድር» ተባለ፤ የፈረንሳዮቹ «ፉዚ ግራ» «ውጅግራ» ሆነ፤ «ሚትራየዝ» «መትረየስ» ሆነ። ከራሱ ሥር ሲፈጥርም የተሳካለት ነው። በወገብ የሚሸጎጠውን «ሽጉጥ» አለው፤ ጥይት በመጉረሻው ሲገባ ጠመንጃው «ጎረሰ» ይባላል፤ ለመተኮስ ሲዘጋጅ «ተቀባበለ» ይባላል። እነዚህ ቃላት በኮሚቴ የተወለዱ አይደሉም፤ መሣሪያውን በእጁ የያዘ ሰው ያወጣቸው ናቸው።

ባለ እጀታው ጠመንጃ ግን ለብዙው ተናጋሪ እንግዳ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1860ዎቹ ጀምሮ ሄንሪና ዊንቸስተር በአሜሪካ ሲያስፋፉት፣ አማርኛ ተናጋሪው ከሌሎች ዐይነቶች ጋር ነበር የሚተዋወቀው። ዛሬም ስለ ጠመንጃ ስንናገር በአእምሯችን የሚመጣው ክላሽንኮቭ ነው። ተርጓሚው ይህን ክፍተት አላስተዋለም፤ ብዙው ስሕተቱም የሚመነጨው ከዚሁ ነው።

2. «የኋላ እይታ»

መመሪያው ማነጣጠሪያን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው «እይታ» ይለዋል። «የኋላውን እይታ አውልቅ» የሚለውን ስናነብ ጎረቤታችን ፈገግ ብለው፣ «የመኪና ስፖኪዮ ነው እንዴ?» አሉን። ስሕተቱ ግልጽ ነው፤ በእንግሊዝኛ አንድ ቃል ማየትንም የማያ መሣሪያንም ስለሚሸከም፣ ተርጓሚው የመጀመሪያውን ፍቺ አንሥቷል። በአማርኛ ግን «አነጣጠረ» የሚል ግሥ ከነመሣሪያ ስሙ «ማነጣጠሪያ» አለን፤ «አነጣጥሮ ተኳሽ» ማለትን የማያውቅ አድማጭም የለም።

እንዲያውም «አነጣጠረ» ራሱ ከማየት የራቀ አይመስለንም። የግእዙ ጸ በአማርኛ ጠ ሆኖ የሚገኝባቸው ቃላት ብዙ ናቸው፤ ጸጉርና ጠጉር፣ ጸበልና ጠበል እንደሚባለው ማለት ነው። «ነጸረ» (ተመለከተ) እና «አነጣጠረ» በዚሁ መንገድ የሚዛመዱ ከሆነ፣ «መነጽር» እና «ማነጣጠሪያ» የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ስለዚህ በርቀት ለሚያቀርበው «ባለ መነጽር ማነጣጠሪያ»፣ በቀዳዳ ለሚታየው «ባለ ቀዳዳ ማነጣጠሪያ» ቢባል ቃሉ ከቤቱ ሳይወጣ ዐይነቶቹን ይለያል።

3. «መዶሻውን አውርድ»

ይህ ዐይነቱ ጠመንጃ በጀርባው የሚታይ፣ ጥይቱን የሚያስነሣውን መርፌ የሚመታ ክፍል አለው። እንግሊዝኛው ይህን «መዶሻ» በሚለው ቃል ይጠራዋል፤ ተርጓሚውም እንዳለ ገልብጦታል። ችግሩ በዚሁ ገጽ ላይ አሮጌውን ማነጣጠሪያ ለማስወጣት የሚያገለግል እውነተኛ መዶሻም መኖሩ ነው። «መዶሻውን በቀስታ አውርድ» የሚለው ትእዛዝ የትኛውን ይመለከታል? አንዱ ትርጉም ብረት ላይ ብረት ማሳረፍ ነው፤ ሌላው የተወጠረ ክፍልን በጣት ይዞ መመለስ ነው።

በአማርኛ «ቃታ» እና «ምላጭ» የሚሉ ሁለት ቃላት አሉን። ለአንዳንዱ ተናጋሪ ሁለቱም በጣት የሚሳበውን ያመለክታሉ፤ ሌላው «ቃታ» የሚለው ሲቀባበል ወደ ኋላ የሚሄደውን ነው። መዝገበ ቃላት ሁለቱንም ልማድ መመዝገብ ይገባዋል፤ የሙያ ጽሑፍ ግን መርጦ መጽናት አለበት። በእኛ በኩል በጣት የሚሳበውን «ምላጭ»፣ የሚመታውን «ቃታ» ብሎ መክፈል ይሻላል እንላለን።

4. «ባዶ መሆኑን አረጋግጥ»

ከሁሉ የከበደው ይህ ነው። መመሪያው ሥራው ከመጀመሩ በፊት «ካዝናውን አውልቀህ ጠመንጃው ባዶ መሆኑን አረጋግጥ» ይላል። እዚህ ላይ ጎረቤታችን ንባቡን አስቆሙን። «ባዶው ማነው? ካዝናው ነው ወይስ በርሜሉ? ‹ጎርሷል ወይ› ብላችሁ ጠይቁ እንጂ!» አሉ።

ትክክል ናቸው። በብዙዎቹ ባለ እጀታ ጠመንጃዎች ካዝናው ከበርሜሉ ሥር የተዘረጋ ቱቦ ነውና እንደ ክላሽንኮቭ ካዝና ተነቅሎ አይወጣም። አንባቢው የሚወልቅ ነገር ፈልጎ ያጣል፤ ሲያጣም ጠመንጃው ካዝና የለውም፣ እንግዲያስ ባዶ ነው ብሎ ሊደመድም ይችላል። አንድ ጥይት በመጉረሻው ተቀምጦ ሳለ ጠመንጃውን በሞርሳ አስሮ መምታት ይጀምራል። የሰው ሕይወት በአንድ ቅጽል ላይ ተንጠለጠለ ማለት ይህ ነው።

ይህን ትእዛዝ እንደሚከተለው ብናስተካክለው አሻሚነቱ ይወገዳል፦ «አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አዙር። ጣትህን ከምላጩ አርቅ። ጥይት መውጣቱ እስኪያበቃ ድረስ እጀታውን ደጋግመህ ዝቅ ከፍ አድርግ። ከዚያም እጀታው እንደ ተከፈተ መጉረሻውንና የካዝናውን አፍ በዐይንህ እይ፣ በጣትህ ዳስስ። ጠመንጃው አለመጉረሱን ሳታረጋግጥ መሣሪያ አታንሣ።» በዚህ ውስጥ አዲስ የተፈጠረ ቃል «መጉረሻ» ብቻ ነው፤ እሱም ከሕዝቡ ግሥ የወጣ ነውና አስተርጓሚ አይሻም። እጀታውንም «የታች ማቀባበያ»፣ ጠመንጃውን «ባለ ታች ማቀባበያ» ልንለው እንችላለን። «ማቀባበያ» ብቻ ቢባል ግን በጎን የሚሳበውንም ስለሚያጠቃልል አይበቃም።

5. ግራ፣ ቀኝና «ደቂቃ»

መመሪያው «ጥይቱ ወደ ቀኝ ከመታ እይታውን ወደ ግራ ግፋ» ይላል። የትኛውን? ሕጉ ለሁለቱ ተቃራኒ ነው። የኋላው ማነጣጠሪያ ጥይቱ እንዲሄድ ወደሚፈለግበት አቅጣጫ ይገፋል፤ የፊተኛው ወደ ተቃራኒው። ስለዚህ ጥይቱ ወደ ቀኝ ሲሄድ የኋላው ወደ ግራ፣ የፊተኛው ግን ወደ ቀኝ መገፋት አለበት። የፊተኛውን ወደ ግራ የገፋ ሰው ስሕተቱን ያብሳል እንጂ አያርምም። «የኋላውን» የሚል አንድ ቃል ቢጨመር ኖሮ በቂ ነበር።

«አንድ ጠቅታ ሩብ ደቂቃ ነው» የሚለውም እንዲሁ ነው። አንባቢው ዐሥራ ዐምስት ሰኮንድ መጠበቅ ያለበት ሊመስለው ይችላል። የተፈለገው የጊዜ ደቂቃ ሳይሆን የአንድ ዲግሪ 1/60 ነው፤ ይህም በ100 ሜትር ርቀት 2.9 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል፣ ሩቡም 0.7 ሳንቲ ሜትር ገደማ። «የማዕዘን ደቂቃ» ተብሎ ልኬቱ በቅንፍ ቢጻፍ ጥያቄው ይዘጋል።

6. «የርግብ ጅራት» እና «ጠምዛዥ»

ማነጣጠሪያው የሚገባበት፣ ከአፉ ይልቅ ወለሉ የሚሰፋ ቦይ «የርግብ ጅራት» ተብሏል። ምስሉ ለእንግሊዝኛ የራሱ ነው፤ ጀርመንኛ፣ ፈረንሳይኛና ጣልያንኛ ይህንኑ ቅርጽ የሚመስሉት በሌላ ወፍ፣ በጨረባ ዐይነቷ፣ ጅራት ነው። ወፊቱ ከቋንቋ ቋንቋ ከተለወጠች ዋናው ቅርጹ ነውና፣ «ወለለ ሰፊ ቦይ» ብንል ይሻላል።

በአንጻሩ ተርጓሚው ካቻቪቴን «ጠምዛዥ» ማለቱ ያስገርማል። ከመገናኛ እስከ ሲኤምሲ ባሉት ጋራዦች «ጠምዛዥ አቀብለኝ» ቢባል የሚያቀብል አይገኝም። «ሞርሳ» እና «ብሎን» የሚሉትን እንዳሉ መተዉ ግን የሚያስመሰግነው ነው፤ ለካቻቪቴ የነፈገው ፍርድ ለእነዚህ አልጎደለም።

7. ማጠቃለያ

ተርጓሚው አማርኛ አያውቅም አንልም፤ ዐረፍተ ነገሩ የተስተካከለ፣ ሥርዐተ ነጥቡም የተጠበቀ ነው። የጎደለው መሣሪያውን ከሚያውቅ ሰው ጋር መቀመጡ ነው። ይህ ጉድለት ደግሞ የእሱ ብቻ አይደለም። ብሔራዊ የአማርኛ ቋንቋ አካዳሚ በ1964 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ፣ በስያሜ ሥራ የተሰማራን ሁሉ ከመጽሐፍ ቃል ስንለቅም ብዙ ጊዜ ከሞርሳው አጠገብ ያለውን ሰው ሳንጠይቅ ቀርተናል። «ጎረሰ» የሚለው ቃል ለመቶ ዓመት ያህል ሥራውን ሲሠራ፣ እኛ «ባዶ»ን የመሰለ ቃል ከጠረጴዛ ላይ እናወጣለን።

ስለዚህ ማንኛውም የሥራ መመሪያ ከመታተሙ በፊት፣ በባለሙያ ፊት ጮኽ ተብሎ እንዲነበብ ሐሳብ እናቀርባለን። ጎረቤታችን ሲሰናበቱን፣ «የተጻፈውን ሳይሆን የምታደርጉትን አንብቡልኝ» ብለው ነበር። ለተርጓሚም ለመዝገበ ቃላት አዘጋጅም ከዚህ የተሻለ ምክር አላገኘንም።