የኦሺኒያ ድምፅ ለማን ይናገራል?

ጆርጅ ኦርዌል በ1949 እ.ኤ.አ. ባሳተመው «1984» በተባለው ልብ ወለድ ውስጥ ኦሺኒያ የምትባል አገር አለች። በዚች አገር ዜናውንም ትምህርቱንም መዝናኛውንም የሚያሰናዳው የእውነት ሚኒስቴር የሚሉት መሥሪያ ቤት ነው፤ ቃሉም ወደየቤቱ የሚገባው በግድግዳ ላይ በተተከለ ቴሌስክሪን በሚባል መሣሪያ ነው። የመሣሪያውን ድምፅ ዝቅ ማድረግ ይቻላል እንጂ ማጥፋት አይቻልም። ማጥፋት የሚፈቀድላቸው የውስጡ ፓርቲ ሰዎች ብቻ ሲሆኑ፣ እነሱም ከሕዝቡ ከመቶ ሁለት እንኳ አይሞሉም።

ስለዚህ መጽሐፍ የሚጽፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያነሡት መሣሪያው ሰውን እያየ መሰለሉን ነው። ነገሩ እውነት ነው። እኛ ግን ከዓይኑ ይልቅ አፉ ሊመረመር ይገባል እንላለን። ይህ ድምፅ የሚናገረው ለማን ነው?

ለሕዝቡ ነው እንዳንል፣ ከመቶ 85 የሚሆነው የአገሩ ሰው ደራሲው ፕሮሎች የሚላቸው ድኾች ናቸው፤ የሚበዙቱም በቤታቸው ቴሌስክሪን የላቸውም። ለእነሱ ሎተሪና ሰው ሳይደክምበት በመሣሪያ የሚገጠም ዘፈን ይበቃቸዋል። እንግዲህ ያ ሁሉ ጩኸት ለጥቂቶች፣ ይኸውም በየቢሮው ተቀምጠው ለሚጽፉትና ለሚያነቡት ነው።

የቸኮሌቱን ነገር እንመልከት። የአንድ ሰው የሳምንት ድርሻ ከ30 ግራም ወደ 20 እንደሚወርድ በቴሌስክሪን ይነገራል። በማግስቱ ያው መሣሪያ ድርሻው ወደ 20 ግራም ከፍ በማለቱ ሕዝቡ ምስጋናውን በሰልፍ ገለጸ ይላል። ዊንስተን ስሚዝ ምሳ ቤት ሆኖ ዙሪያውን ያያል። ጎረቤቱ ፓርሰንስ ሳያላምጥ ይውጠዋል፤ ከእሱ ይህ አይደንቅም። የሚያስደነግጠው ሳይም ነው። ሳይም የቋንቋ ሊቅ፣ የመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ነው። እሱም ዋጠው፤ ብቻ እንደ ተማረ ሰው አዙሮ ዋጠው። ይህን ምዕራፍ በአንድነት ተቀምጠን ስናነብ በፓርሰንስ የሳቅን ሁሉ ሳይም ላይ ስንደርስ ዝም አልን።

ኦርዌል የሬዲዮን ሥራ የሚያውቀው በሩቁ አልነበረም። ከ1941 እስከ 1943 በቢቢሲ የምሥራቅ ክፍል ወደ ሕንድ የሚተላለፍ ንግግር ያሰናዳ ነበር፤ የታሰቡለት አድማጮችም እንግሊዝኛ የሚያውቁ የሕንድ ተማሪዎችና ምሁራን ነበሩ። ሥራውን የተወው ፍሬ የሌለው ድካም ሆኖ ስላገኘው ነው። በዚህ ምክንያት ቢቢሲንና ኦሺኒያን አንድ ማድረግ ግን ስሕተት ይሆናል፤ የለንደኑን ሬዲዮ አድማጩ ሲሰለቸው ይዘጋዋል፣ ሠራተኛውም ሲሰለቸው ይለቃል።

በዚህም የተነሣ አንድ ጉድለት ጎልቶ ይታየናል። ማይክሮፎኑን በቅርብ የሚያውቅ ደራሲ ወደ ስቱዲዮው አንድ ጊዜም አያስገባንም። ስለ መሐንዲሶቹና የሰውን ድምፅ አስመስለው ስለሚናገሩት ተዋንያን በአንድ ዐረፍተ ነገር ጠቅሶ ያልፋል። ዊንስተን አሮጌ ጋዜጣ ሲያርም እጁን እስክናይ ድረስ ቀርበን እንመለከታለን። የቸኮሌቱን ዜና ያነበበው ሰው ግን ፊት የለውም። በማግስቱ ሁለተኛው ወረቀት ሲሰጠው የትናንቱን አስታውሶ እንደ ሆነ፣ አስታውሶም ድምፁን እንዴት እንዳስተካከለ መጽሐፉ አይነግረንም፤ ከሳይም ቀጥሎ ልንጠይቀው የምንሻው ሰው እሱ ነበር።