ስለ እንስሳ ሞት የሚነገር ግጥም፤ ሰሙና ወርቁ

ሰው ለወዳጁ ሞት ሲያለቅስ ማንም አይነቅፈውም፤ ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ራሱ ስለ አልዓዛር እንባውን አፍስሷልና። ነገር ግን ገበሬ ለበሬው፥ ፈረሰኛ ለፈረሱ፥ ሕፃን ለውሻው ሲያለቅስ ያየ ሰው ብዙ ጊዜ ይሥቃል፤ ከሚሥቁትም መካከል የተማሩ አይታጡም። ስለዚህ ኀዘን የሚነገረው ግጥምም እንደ ተራ ነገር ተቈጥሮ ሳይመረመር ይቀራል። የመረመረው ሰው ግን ኹለት ጥቅም ያገኝበታል፤ አንደኛው ስለ ሰምና ወርቅ የሚማረው ነው፤ ኹለተኛውም ያዘነውን ሰው በምን ቃል ማጽናናት እንደሚገባ የሚያውቀው ነው።

ነገሩ ጐልቶ ከሚታይበት አገር አንዱ የደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ፥ መካነ ሰላምና ዙሪያዋ ነው። ቦረና፥ ወግዲ፥ ከላላ፥ ሳይንት እየተባለ የሚጠራው ይህ አገር ከዐባይና ከበሽሎ ሸለቆዎች በላይ ከፍ ብሎ የተቀመጠ የእርሻ አገር ነው። በዚያ በሬ ብቻውን በሬ አይባልም፤ ከጓደኛው ጋራ ጥማድ ነው። ከጥማዱ አንዱ ቢሞት የሚቆመው ግማሹ እርሻ አይደለም፥ እርሻው ኹሉ ነው፤ ባለቤቱም እንደ እርሱ አንድ በሬ የቀረው ጎረቤት ፈልጎ መቀናጆ መግባት ግድ ይኾንበታል። ለበሬውም እንደ መልኩ ስም ይወጣለታል፤ ቦራ፥ ቡሬ፥ ዳልቻ ይባላል። ገበሬው ሲያርስ ይህን ስም እየጠራ ያመሰግነዋል፥ ይወቅሰዋል፥ ይለምነዋል። ስንት ክረምት በስሙ ሲጠራው የኖረ ባልንጀራ በሞተ ጊዜ ጕዳቱን በብር ቈጥሮ ዝም የሚል ሰው ጥቂት ነው።

የዚህ ኀዘን ታላቅ ምስክር ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የነበረው ክፉ ቀን ነው። የከብቱ በሽታ ለጣሊያን ጦር ተብሎ በምጽዋ ከመጣ ከብት ጋራ ገብቶ በጥቂት ጊዜ አገሩን አዳረሰው፤ ከኢትዮጵያም ከብት እጅግ የሚበዛው አለቀ። በሬ በማለቁ እርሻ ቆመ፤ እርሻ በመቆሙ ረኃብ ገባ፤ ዳግማዊ ምኒልክም ራሳቸው ዶማ ይዘው በመቈፈር ሕዝቡን እንዳበረታቱ ይነገራል። ለቅኔ ተማሪ ግን የሚያስደንቀው የበሽታው ስም ነው። ሕዝቡ ይህን ከብት ፈጅ በሽታ «ደስታ» ብሎታል። የሚያስፈራውን ነገር በመልካም ስም ሸፍኖ መጥራት የአገር ልማድ ነውና፥ ይህም ከዚያ የመጣ ሳይኾን አይቀርም። ሰሙ ደስታ፥ ወርቁ ኀዘን የኾነ አንድ ቃል ከብዙ ሙሾ ይልቅ ልብን ይነካል። በሽታው በ2003 ዓ.ም. ከዓለም ኹሉ ፈጽሞ እንደ ጠፋ ታውጇል፤ «ደስታ» የሚለውም ቃል ከብዙ ዘመን ስደት በኋላ ወደ ገዛ ቤቱ ተመልሷል።

ፈረስ ደግሞ ከበሬ ይልቅ በግጥም ተከብሯል። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፥ ዳግማዊ ምኒልክ አባ ዳኘው፥ የወሎው ንጉሥ ሚካኤል አባ ሻንቆ የተባሉት በፈረስ ስም ነው። ፈረሱ ሞቶ ዐፈር ከኾነ በኋላ እንኳ ስሙ በጌታው ላይ ይኖራል። በቀድሞው ዘመን የጦር ሰው ሲሞት ፈረሱ ተጭኖ፥ የጌታውን የጦር ዕቃ ይዞ ወደ ልቅሶው ይቀርብ ነበር፤ አልቃሽም ሟቹን በፈረሱ ስም እየጠራች ታስለቅስ ነበር። ነገር ግን ልብ ብሎ ለሚመለከተው፥ በፉከራውም በሙሾውም የሚከብረው ጌታው ነው፤ ፈረሱ ጌጥ ነው። ፈረሱ ለጌታው ልቅሶ ይቆማል፤ ለፈረሱ ሞት ግን የሚቆም አልቃሽ በብዛት አልተገኘም።

በቅኔ ቤትም እንደዚሁ ነው። ከጉባኤ ቃና ዠምሮ እስከ መወድስ ድረስ ተማሪው አንበሳን፥ በግን፥ ርግብን፥ በሬን የሚያነሣው ሰም አድርጎ ነው፤ ወርቁ መድኃኒታችን ወይም ጻድቅ ወይም ንጉሥ ነው። ሥርዐቱ የአባቶች ነውና አይነቀፍም። የሚነቀፈው ሰሙን የሚንቅ ባለቅኔ ነው። አንጥረኛ አስቀድሞ ሰሙን በሚገባ ካልቀረጸው፥ በኋላ የሚፈሰው ወርቅ ጠማማ ኾኖ ይወጣል። የወርቁ መልክ የሰሙ መልክ ነውና።

ለዚህ ከነቢዩ ናታን የሚበልጥ መምህር የለም። በካልዕ መጽሐፈ ሳሙኤል እንደ ተጻፈ፥ ነቢዩ የዳዊትን ኀጢአት ሊገልጥ በመጣ ጊዜ ስለ አንድ ድኻና ስለ አንዲት ጠቦቱ ነገረው። ጠቦቲቱ ከድኻው ልጆች ጋራ እንዳደገች፥ ከማዕዱ እንደምትካፈል፥ በዕቅፉ እንደምትተኛ፥ ልጁን እንደምትመስለው አንድ በአንድ ተናገረ። ዳዊትም ወርቁ የኦርዮ ሚስት መኾንዋን ሳያውቅ ስለ ጠቦቲቱ ብቻ ተቈጥቶ በባለጠጋው ላይ ፈረደ። ናታን ጠቦቲቱን በአንድ ቃል ነክቶ ቢያልፍ ኖሮ ንጉሡ ባልተቈጣ፥ ንስሓም ባልገባ ነበር። እረኛ ኾኖ ያደገው ዳዊት በሰሙ ተያዘ፤ የተያዘውም ሰሙ እውነተኛ ስለ ነበረ ነው።

እንግዲህ ስለ እንስሳ ሞት የሚገጥሙ ሰዎች ኹለት ስሕተት ያገኛቸዋል። አንዳንዶቹ እንስሳውን ሰው ያደርጉታል፤ በገነት አክሊል ያቀዳጁታል፥ ከሰማይ ኾኖ ባለቤቱን ይጠብቃል ይላሉ። ይህ ከሃይማኖት ትምህርት የራቀ ከመኾኑም በላይ ሟቹን ራሱን ያጠፋዋል፤ አክሊል የደፋ በሬ የማንም በሬ አይደለምና። ሌሎቹ ደግሞ በውሻው ሞት ሰበብ የሰውን ክሕደት ይወቅሳሉ፤ ውሻውን በኹለት ቃል ቀብረው በቀረው ግጥም ጠላታቸውን ይሰድባሉ። ይህ ልቅሶ አይደለም፥ ክስ ነው።

መካከለኛው መንገድ እንስሳው የሠራውን ሥራና የተወውን ባዶ ስፍራ በልኩ መናገር ነው። ለምሳሌ ያህል፥ ጓደኛው ስለ ሞተበት በሬ እንዲህ ቢባል፤

ሣሩ ታጭዶ ሳለ በልቶም አልጠገበ፤
ባልንጀራ ጠፋው፥ ቀንበሩን አሰበ።

ግጥሙ ቀላል ነው፤ አለቀሰ፥ አዘነ የሚል ቃል የለበትም። ኀዘኑን የተሸከመው «ቀንበር» የሚለው አንድ ቃል ነው። ቀንበር የድካም ዕቃ ነው፤ ባልንጀራ ከጠፋ በኋላ ግን የሚናፈቅ የአንድነት ስፍራ ኾነ። ከዚህ በኋላ አንባቢው ስለ ትዳር ወይም ስለ ክርስቶስ ልዝብ ቀንበር ቢያስብ ወርቁ በገዛ መንገዱ መጣ ማለት ነው፤ በሬው ግን እስከ መጨረሻው በሬ ኾኖ ይቀራል።

መጽሐፈ ጦቢትም ይህን ልክ ያስተምራል። ጦብያ ከመልአኩ ከሩፋኤል ጋራ ወደ ሩቅ አገር ሲኼድ ውሻው ተከተላቸው፤ ሲመለሱም ውሻው ከኋላቸው ነበረ። ውሻው ተአምር አላደረገም፥ ቃልም አልተናገረም። ጸሓፊው ግን መልአክ በሚኼድበት መንገድ ውሻን መጥቀስ አላሳፈረውም። አብሮ መኼዱን ብቻ ጻፈ፤ ውሻ ላለው አንባቢ ይኸው ይበቃዋል።

ስለ ሥርዐቱ ሲነገር፥ ፍትሐትና ተዝካር ለተጠመቀ ክርስቲያን የተሠራ ነውና ለእንስሳ አይደረግም፤ መጽሐፈ መክብብም የእንስሳን እስትንፋስ መድረሻ በጥያቄ ትቶታል። ስለዚህ ካህኑ ያላወቀውን ተስፋ መስጠት አይገባውም። ይኹን እንጂ ከማላገጥና ያልተጻፈ ተስፋ ከመስጠት መካከል ሰፊ ስፍራ አለ። የነነዌ ሰዎች በጾሙ ጊዜ ከብቶቻቸውም ጾመዋል፤ እግዚአብሔርም ለዮናስ ስለ ከተማዪቱ ሲነግረው ስለ ሕፃናቷ ብቻ ሳይኾን ስለ ብዙ እንስሶቿም እንደሚራራ ገለጠለት። መጽሐፈ ዮናስም በእንስሶቹ ነገር ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ የተጨመረ ቃል የለም። በአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስም ሥዕል ወፊቱ ከጻድቁ ዐይን እንባ ስትጠጣ ትታያለች። ፈጣሪ የራራለትን ፍጥረት ሰው ቢያለቅስለት ኀፍረት የለበትም።

እንግዲህ በሬው ለሞተበት ገበሬ፥ ወይም ውሻው ለሞተበት ሕፃን «ሌላ ይገዛል» ብሎ ማለፍ የድንጋይ ቃል ነው። ሌላ ይገዛ ይኾናል፤ ያኛው ግን አይመለስም። ያዘነው ሰው የሚፈልገው የሚሰማው ጆሮ ነው፤ ስለ ሞተው ፍጥረት ጠባይ፥ ስለ ሥራው፥ ስለ ጥፋቱም ሳይቀር ቢናገር ልቡ ይቀልለታል። ከኹሉ የሚቀድመውም ጥያቄ «ስሙ ማን ነበር?» የሚለው ነው። አባታችን አዳም በገነት ሳለ፥ ሔዋን ገና ሳትፈጠር፥ አፉን ከፍቶ የሠራው ሥራ ለእንስሳት ስም ማውጣት ነበረ። ግጥምም ኾነ ሙሾ ከዚያ ይዠምራል። የሞተውን ፍጥረት በስሙ ጠርቶ የሠራውን በልኩ የሚናገር ሰው፥ ፊደል ባይቈጥርም የአዳምን ሥራ እየሠራ ነው።